በልብ ውስጥ የተዳፈነ እሳት

በሰሜን ተራሮች ግርጌ፣ በደባርቅና በዳባት የደጋ መንደሮች፣ ሲመሽ እሳት አይጠፋም፤ ይዳፈናል። የቤቱ እመቤት ፍሙን በአመድ ታለብሰዋለች፤ ለሚያየው ሰው ምድጃው የቀዘቀዘ ይመስላል። ሌሊት እንግዳ ቢመጣ ወይም ሕፃን ቢታመም አመዱ ገለጥ ይደረጋል፤ ፍሙም ቀልቶ ይገኛል። እኛ ዛሬ ልንጽፍበት ለተነሣነው ነገር ከዚህ የሚሻል ምሳሌ አላገኘንም። ልብን የሚያቃጥል ሕመም ታክሞ «ዳነ» ከተባለ በኋላ እሳቱ በእርግጥ ጠፍቷልን? ወይስ ተዳፍኖ ነው? ሐኪሙ አመዱን ገልጦ ማየት የሚችለውስ በምን መንገድ ነው?

ልብ ከውጭ የሚሸፍናት ስስ ከረጢት አላት፤ ቀጥሎ ሌት ተቀን ያለ ዕረፍት የሚሠራው ጡንቻ አለ፤ ከውስጥ ደግሞ ደም ወደ ፊት ሄዶ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከፈቱና የሚዘጉ አራት በሮች አሉ፤ እነዚህን ሐኪሞች ቫልቭ ይሏቸዋል። ከነዚህ አንዱ ወይም ሁሉም ሲቆጡ፣ ይኸውም ሲያብጡና የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት መጥተው ሲሰፍሩባቸው፣ የልብ ብግነት ሆነ ይባላል። የሚያስቆጣው ነገር ግን አንድ አይደለም። ከረጢቱን የሳንባ ነቀርሳ ጀርም ገብቶ ውኃ ሊያስቋጥረው ይችላል፤ ጡንቻውን አንዳንድ ቫይረሶች፣ ወይም መነሻው እስከ ዛሬ ያልታወቀው ሳርኮይዶሲስ የተባለው ሕመም ያስቆጡታል፤ በሮቹን ደግሞ በደም ውስጥ የሚዘዋወር ባክቴሪያ ይበላቸዋል። በአገራችን ልጆችና ወጣቶች ዘንድ ግን ስሙ አዘውትሮ የሚነሣው የጉሮሮ ሕመም ትቶት የሚሄደው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው።

የዚህ ሕመም አካሄድ የሚያስገርም ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ጀርም ሕፃኑን ጉሮሮውን ያመዋል፤ ሰውነትም ጀርሙን የሚወጋ ጦር ያዘጋጃል። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጉሮሮው ሽሮ ሁሉም ከረሳው ወዲያ፣ ያው ጦር የገዛ ቤቱን ይወጋል። ጉልበትና ክርን ተራ በተራ ያብጣሉ፤ ትኩሳት ይመጣል፤ በሮቹም ይቆጣሉ። የመገጣጠሚያው እብጠት አንዳች ምልክት ሳይተው ይሄዳል፤ የልብ በሮች ቁስል ግን ጠባሳ ይተዋል። ሕመሙ በተመለሰ ቁጥር ጠባሳ በጠባሳ ላይ ይደረባል፤ በሩም ወይ ይጠባል ወይ አልዘጋ ይላል።

ቤተ ሰብ ሁሉ በብርድ ምክንያት በአንድ ክፍል ተጠጋግቶ በሚተኛበት ደጋ አገር ይህ ጀርም ከጉሮሮ ወደ ጉሮሮ ለመሻገር አይቸገርም። ከዚህም በላይ የቆየ ልማድ አለ። ሕፃን ጉሮሮውን ሲያመው «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ ወደ ሰፈር አዋቂ ይወሰዳል፤ እንጥሉም ይቆረጣል። እንጥል ግን በዚህ ነገር ምንም በደል የለባትም። ብትቆረጥም ጀርሙ በቶንሲሉ ላይ እንደ ተቀመጠ ይቀራል፤ ሕፃኑ ደም ይፈሰዋል፣ አንዳንዴም ምላጩ ሌላ በሽታ ያስገባል፤ ፔኒሲሊን ሊሰጥ ይገባ የነበረበትም ቀን ያልፋል። አያቶቻችን ይህን ያደረጉት ለልጅ አዝነው ነው፤ የዛሬው አባት ግን ጤና ጣቢያ በእግር መንገድ ላይ እያለ ምላጭ ቢያስቀድም በአያቶቹ ሊያመካኝ አይችልም።

ነገሩ ትንሽ አይደለም። በጅማ 2,000 ያህል ምንም ሕመም ያልተሰማቸው ተማሪዎች ልባቸው በድምፅ ሞገድ መሣሪያ ታይቶ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 በታተመው ጥናት፣ ከ1,000ው ተማሪ በ30 ያህሉ ላይ የዚህ ሕመም ምልክት ተገኝቷል። ተማሪዎቹ በትምህርት ገበታቸው ላይ የነበሩ፣ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ናቸው።

ወደ ሰሜን እንመለስና የዳባትን ነገር እናንሣ። በጎንደር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 የተመሠረተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጥንት ጀምሮ የጤና መኰንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት እያሠለጠነ ወደ ገጠር የሚልክ ነበር። የዚያ ወራሽ የሆነው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዳባት ወረዳ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 የሕዝብና የጤና መከታተያ ሥራ ጀመረ፤ መዝጋቢዎች በተመረጡ ቀበሌዎች ከቤት ቤት እየሄዱ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገር ለቀቀ እያሉ ይጽፋሉ። ሕመምን ጊዜ እየጠበቁ ደጋግሞ መጠየቅ ማለት ምን እንደ ሆነ በዚያ አገር ለሚኖር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም ለማለት ነው ይህን ያነሣነው።

አሁን አንድ የዳባት የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ እናስብ። ባለፈው ክረምት ጉልበቱ አብጦ፣ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ አጥሮት ሆስፒታል ገባ፤ ታከመ፤ ወጣ። በየአራት ሳምንቱ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን የተባለውን መርፌ እንዲወጋ ታዟል፤ ሰውነቱ ለደረሰ ልጅ መጠኑ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት ነው። መርፌው ወፍራም ነው፤ ያማል፤ ቂጥንም ለቀን ያደነዝዛል። ሒሳቡን ብንሠራ በዓመት አሥራ ሦስት መርፌ ነው፤ ልቡ የተነካ ሰው ቢያንስ ለዐሥር ዓመት ስለሚታዘዝለት፣ 130 መርፌ ይሆናል። ልጁ ግን ከሁለት ወር በኋላ ይሮጣል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ገብስ ይወቃል። «ድኛለሁ፤ ስለ ምን እወጋለሁ?» ቢል ማን ይፈርድበታል? የሐኪሙስ መልስ ምን ሊሆን ነው?

ሐኪሙ እሳቱን የሚከታተልበት የቆየ ዘዴ አለው፤ እኛም ዘዴውን ልንንቀው አይገባም። መጀመሪያ በማዳመጫው የበሮቹን ድምፅ ይሰማል። ክብደት ይመዝናል፤ ልቡ የደከመ ሰው ውኃ ስለሚያቁር በጥቂት ቀን ውስጥ መክበዱ ለበጎ አይደለም። ልጁ በተኛበት የልብ ትርታው ይቆጠራል፤ ይህ ብልህ የሆነ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ነቅቶ ሳለ ልቡ የሚፈጥነው ከፍርሃት ወይም ከትኩሳት ሊሆን ሲችል፣ በእንቅልፍ ጊዜ ትኩሳት ሳይኖር ቢፈጥን ብግነቱ ገና እንዳለ ያጠራጥራል። እናቲቱ የሰከንድ ቆጣሪ ያለው ሰዓት ብትይዝ ይህን ራሷ ልትሠራው ትችላለች። ከዚያ በኋላ የደም ምርመራ ይመጣል፤ ደሙ በቀጭን ቱቦ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆምና በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀዩ ክፍል ስንት ሚሊሜትር እንደ ዘቀጠ ይለካል። ብግነት ሲኖር ዝቃጩ ይፈጥናል። ይህ ኢ.ኤስ.አር. የተባለው ምርመራ ከቱቦና ከሰዓት በቀር ብዙ ነገር አይፈልግም። ነገር ግን ያታልላል፤ ደም ያነሰው ሰው ያለ ብግነት ቍጥሩ ከፍ ይልበታል፤ ልቡ ክፉኛ የደከመበት ሰው ደግሞ ብግነት እያለበት ዝቅ ሊልበት ይችላል። የድምፅ ሞገድ መሣሪያ ባለበት ሆስፒታል የበሮቹ ቅርጽና የሚያፈሱት ደም ይታያል። እርሱም ቢሆን ጠባሳውን ከትኵሱ ቁስል ለይቶ ለመናገር ይቸገራል፤ የምድጃውን ቅርጽ ያሳያል እንጂ ፍሙን አያሳይም።

በሌላው ዓለም ፍሙን ለማየት የተነሣው መሣሪያ ፔት ይባላል። መሠረቱ የተጣለው ስለ ልብ በማያስቡ ሰዎች ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932 ካርል አንደርሰን የተባለው አሜሪካዊ ፖዚትሮንን አገኘ፤ ይህም በሁሉ ነገር ኤሌክትሮንን የሚመስል፣ በኤሌክትሪክ ምልክቱ ብቻ ተቃራኒው የሆነ ቅንጣት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ፤ በጠፉበትም ቅጽበት ሁለት የጋማ ጨረሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይወነጨፋሉ። በበሽተኛው ዙሪያ እንደ ቀለበት የተደረደሩ መቀበያዎች ሁለቱን ጨረሮች በአንድ ጊዜ ከያዙ፣ መነሻቸው በሁለቱ መካከል ባለው ቀጥተኛ መሥመር ላይ እንደ ሆነ ይታወቃል። መሥመሮቹ በብዙ ሚሊዮን ሲጠራቀሙ ሥዕል ይሆናሉ። በዚህ ዓይነት የሰውን ገላ የሚያነሡ መሣሪያዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ ተሠሩ፤ በ1976 ደግሞ ፖዚትሮን የሚያፈልቀው ፍሉዎሪን 18 ከስኳር ጋር ተጣምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ደም ሥር ገባ።

ስኳር የተመረጠበት ምክንያት የነገሩ ቍልፍ ነው። ለጦርነት የተሰለፉ የመከላከያ ሕዋሳት ስኳር በብዛት ይበላሉ። ስለዚህ ምልክት የተደረገበት ስኳር በደም ሥር ገብቶ አንድ ሰዓት ያህል ከተጠበቀ በኋላ ሥዕል ቢነሣ፣ ብግነት ያለበት ቦታ ደምቆ ይታያል። መሣሪያው የሚያየው እንግዲህ ሙቀትን ሳይሆን የስኳር ረኀብን ነው።

ነገር ግን ልብ ራሷ ስኳር ትበላለችና እዚህ ላይ ችግር ይነሣል። ጤናማ የልብ ጡንቻ ስኳር ከወሰደ መላው ልብ ይደምቅና እውነተኛው እሳት በብርሃኑ መካከል ይሰወራል። መፍትሔው ልብን ምግብ ማስለወጥ ነው። ልብ ስኳር ሲታጣ ያለ ጭንቀት ስብ ታነዳለች፤ የመከላከያ ሕዋሳቱ ግን ከስኳር አይላቀቁም። ስለዚህ ምርመራው ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው በሽተኛው ሥጋ፣ እንቍላልና ቅቤ የመሰለ ስብ የበዛበት ምግብ ይበላል፤ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ድንች፣ ማርና ስኳር አይቀምስም፤ ከዚያም ይጾማል። የሰሜን ሰው ይህን ቢሰማ መሣቁ አይቀርም፤ ያለ እንጀራ ክትፎ፣ ያለ በሶ መንገድ ማን ያውቃል! በዐቢይ ጾምማ ነገሩ ጭራሽ ይገለበጣል፤ ጿሚው የተከለከለው የታዘዘለትን ምግብ ነው፣ የተፈቀደለትም ሽሮና እንጀራ ሐኪሙ የከለከለው ነው። ደግነቱ ለእንደዚህ ያለው ሰው ሁለተኛ መንገድ አለ፤ ከአሥራ ስምንት ሰዓት በላይ ምንም ሳይበሉ መቆየት። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ራቱን በልቶ በማግሥቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ምእመን አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ይሞላል። አሜሪካዊው በሽተኛ በመመሪያ ወረቀት የሚማረውን የእኛ ባላገር ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ግን ይህን በራሱ ፈቃድ ሊያደርገው አይገባም።

መሣሪያው ሙሉ ጥቅሙን የሚሰጠው አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲነሣ ነው። በሳርኮይዶሲስ ልቡ የተቆጣ ሰው ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ብርቱ መድኃኒት ይወስዳል። መድኃኒቱ እሳት ያጠፋል፤ ነገር ግን ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ሰውነትን ለሌላ በሽታ ያጋልጣል። ቶሎ ቢቆም እሳቱ ይነሣል፤ ሳያስፈልግ ቢቀጥል መድኃኒቱ ራሱ ሌላ በሽታ ይሆናል። ስለዚህ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ሥዕሉ ይደገማል፤ የደመቀው ቦታ ምን ያህል እንደ ደበዘዘ በቍጥር ይነጻጸራል፤ መድኃኒቱም በዚያ ልክ ይቀነሳል ወይም ይለወጣል። ማነጻጸሩ የሚያምነው ግን ሁለቱም ጊዜ አመጋገቡና ጾሙ፣ ከተቻለም መሣሪያው፣ አንድ ዓይነት ከሆነ ነው። በሽተኛው ሁለተኛው ጊዜ በማለዳ አንድ ሲኒ ቡና በስኳር ጠጥቶ ቢመጣ፣ ሕመሙ የተባባሰ መስሎ ይታያል።

ፔት የማይሠራውም አለ። እሳቱን ያሳያል እንጂ ማን እንደ ለኰሰው አይናገርም። የሳርኮይዶሲስና የሳንባ ነቀርሳ ቁስል በሥዕሉ ላይ ተመሳሳይ ሆነው ይደምቃሉ፤ በማይክሮስኮፕ ሥር እንኳ ይቀራረባሉ። ነቀርሳ በበዛበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የነቀርሳ መድኃኒት የሚገባው ሰው ፕሬድኒሶሎን ብቻውን ቢሰጠው ጠላቱ በር ተከፍቶለት ይገባል። በሩማቲክ የልብ ሕመም ላይ ደግሞ የፔት ሥራ ገና በጥናት ደረጃ ያለ ነው። እንግዲህ የዳባቱ ልጅ ወደ ፔት ቢወሰድ እንኳ «መርፌውን አቁም» የሚል ፍርድ ይዞ አይመለስም። የርሱ መርፌ የሚሰጠው የነደደውን ለማጥፋት ሳይሆን ሌላ እሳት እንዳይለኰስ ነውና።

የርቀቱም ነገር አለ። ፍሉዎሪን 18 በየ110 ደቂቃው ኀይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ሳይክሎትሮን በተባለ ትልቅ ማሽን ይሠራል፤ ከተሠራም በኋላ በመጋዘን አይቀመጥም። አዲስ አበባ ላይ ተሠርቶ ወደ ደባርቅ ይላክ ብለን ብናስብ፣ እስከ ጎንደር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል፣ ከጎንደር በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ መቶ ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ ለመውጣት ሁለት ሰዓት ያህል፣ ለመጫንና ለማውረድ፣ ለመጠበቅም ሁለት ሰዓት ተኩል ቢባል፣ አምስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። በዚህ ጊዜ ውስጥ መድኃኒቱ ሦስት ጊዜ ይከፈላል፤ ከስምንት እጁ አንዱ ብቻ ደባርቅ ይደርሳል። ይህ የመንገድ መሥሪያ ቤትም የገንዘብ ሚኒስቴርም ሊያሻሽሉት የማይችሉት የተፈጥሮ ሕግ ነው። መሣሪያው ባለበት በሽተኛው ይሂድ እንጂ ሌላ ዘዴ የለም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይረባናል የሚል ይኖራል። እኛ ግን ከንቱ ነው አንልም። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 የተከፈተው የልብ ሕክምና ማዕከል ዶክተር በላይ አበጋዝ ከመሠረቱት ከልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ የተወለደ ነው፤ በዚያና በውጭ አገር በሮቻቸው በሰው ሠራሽ የተለወጡላቸው ወጣቶች አሉ። በሰው ሠራሽ በር ላይ ባክቴሪያ ቢሰፍር የድምፅ ሞገዱ ብዙ ጊዜ አያየውም፤ ብረቱ ይጋርደዋል። ፔት ግን ያየዋል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 በወጣው ዓለም አቀፍ የምርመራ ደንብም ከዋና ምስክሮች አንዱ ሆኖ ተቈጥሯል። ሆኖም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያሉት ሦስት ወሮች ቁስሉ ራሱ የሚደምቅባቸው ስለ ሆኑ በጥንቃቄ ይተረጐማሉ። እንዲህ ያለ መሣሪያ ለአንድ ትልቅ አገር አንድ ሁለት መኖሩ ቅንጦት አይደለም። ለደባርቅ ወረዳ በጀት የሚጽፍ ወጣት ሹም ግን ከፔት በፊት የሚጽፈው ብዙ አለው።

ምን እንደ ሆነ በዩጋንዳ የተደረገ ሥራ ያመለክታል። በጉሉ አካባቢ ሕመሙ ገና ያልተሰማቸው፣ በድምፅ ሞገድ ብቻ የተለዩ 818 ልጆች በሁለት ተከፍለው ገሚሶቹ በየወሩ ፔኒሲሊን ተወጉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 በታተመው ውጤት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሕመሙ የባሰባቸው ከተወጉት 3 ልጆች፣ ካልተወጉት ደግሞ 33 ሆነው ተገኙ። መሣሪያው የያዙት ቀላል፣ መድኃኒቱም የቆየና ርካሽ ነው። የሚያስቸግረው ወሩን አለማጓደል ነው። መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው ይጠፋል፤ ልጁ ለአጨዳ ይቀራል፤ ዝናብ ወንዝ ይሞላል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ በደረሰ ጊዜ፣ ብዙ ተፈናቃይ ደባርቅ ገብቶ በየትምህርት ቤቱ ተጠጋግቶ ሲተኛ፣ ለጉሮሮ ጀርም ከዚህ የሚመች ጊዜ አልነበረም።

ሌላም እንቅፋት አለ፤ መርፌው ሰው ይገድላል የሚለው ወሬ። ወሬው ከምንም አልተነሣም። የፔኒሲሊን አለርጂ ያለባቸው ጥቂት ሰዎች አሉ፤ ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ ግዴታ ነው። ነገር ግን በመርፌው ወንበር ላይ ሞቱ ከተባሉት ብዙዎቹ በሮቻቸው እጅግ የተጎዱ፣ ልባቸው አንድ የፍርሃትና የሕመም ድንጋጤ የማይችል እንደ ነበሩ ሊቃውንት ዛሬ ይገምታሉ። ለእነዚህ የሚዋጥ ፔኒሲሊን ይመረጣል። ለሌሎቹ ምክሩ ቀላል ነው፤ በሽተኛው ባዶ ሆዱን አይምጣ፣ ውኃ ይጠጣ፣ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ሳይሆን ተኝቶ ይወጋ።

መርፌውን የሚያራርቅ ሥራም ተጀምሯል። በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ያንኑ መድኃኒት በጡንቻ ውስጥ ሳይሆን ከቆዳ በታች፣ በብዙ መጠንና ቀስ ብሎ በማፍሰስ፣ በደም ውስጥ ለሁለት ወር ከዚያም በላይ እንዲቆይ ለማድረግ እየሞከሩ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች በጎ ውጤት አሳይተዋል። ከሊማሊሞ ሥር ካለው ቆላ ደባርቅ ድረስ አቀበቱን እየወጣ የሚወጋ ልብ ሕመምተኛ ዛሬ በዓመት አሥራ ሦስት ጊዜ ይወጣዋል፤ ዘዴው ከተሳካ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ይበቃዋል።